የግርጌዎቹ ሁለት ቁራጮች

ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለቁጥሬ፤

«ምን በድዬሽ ነው ድምፅሽ የጠፋው?» ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። ምንም አልበደልሽኝም። አንቺም ረጅሙ ባልሽም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከጆሮዬ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። እናትሽ በስልክ ሁሉን እንደምትዘረግፍልሽ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ስልክ ጆሮዬ ላይ ስደቅን የሚሰማኝ ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ናት። ወረቀት ይሻለኛል። የዘገየሁት አፍሬ ነው፤ አክስትሽ በስተርጅና ተዋርዳለች።

ባለፈው ሰሞን የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ አስጠራችኝ። ስደርስ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ አንድ ብርድ ልብስ በሁለት በኩል ይዘው ይጓተታሉ። ሌላው መሬት ላይ ወድቋል። ለቀን እንቅልፋቸው ከቤት ይዘዋቸው የመጡት ብርድ ልብሶች ሁለቱም የእጄ ሥራ ናቸው። ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ቁጥሬ፣ አንድ ናቸው! ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ! እናቶቹ ቆመው ያዩኛል። አንደኛዋ «ለልጄ የሌላ ልጅ ቅጂ ነው እንዴ የሰፉላት?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ቃሌን ታውቂዋለሽ፤ በዚህ ሰፈር ለሚወለድ ልጅ ሁሉ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ፣ ሁለት ልጅ ግን አንድ ዓይነት አይለብስም። ለዚህ ነው አንቺን የማስቸግረው። ኮምፒውተር ታዣለሽ ይባላል፤ እስቲ ያሉትን አደራደሮች ሁሉ አውጪልኝ፣ የተሰፋውን እየሰረዝኩ ያልተሰፋውን ልወቅ። ማሽንሽ እንዲገባው እንደማያውቅ ሰው ላስረዳሽ። ቁራጮቹ ዘጠኝ ናቸው፤ በአግድም ከራስጌ ወደ ግርጌ ይሰለፋሉ። ጥጥ፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ሱፍ፦ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ። ከፋይ፦ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ። ለታናሽ ሲሆን ብቻ ከታላቁ አልርቅም፤ የግርጌዎቹን ሁለት ቁራጮች አቀያይሬ ሌላውን እንዳለ እተወዋለሁ። ታጥበው ገመድ ላይ ሲሰጡ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ከሩቅ ይታወቃል።

እኔ ደግሞ የተሰፋውን ለማየት ቤት ለቤት መዞር ጀምሬያለሁ። አንዱ ግን ዞሬ የማየው አይደለም፤ እኔው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ካቻምና ልጅሽ ሳይወለድ ሲቀር «ከዓይኔ አርቂልኝ» ብለሽ የመለስሽው ነው። ያነሳሁት ከቁጥር እንዳይጎድል ብዬ ነው እንጂ ምንም አልጠይቅሽም። ደንቤም ያው ነው፤ እናቲቱ ራሷ ማርገዟን ሳትነግረኝ መቀስ አላነሳም።

እቴቴሽ


ኅዳር 24 ቀን

እቴቴ፣ ናፍቆቴ፤

ደብዳቤሽን ቢሮ ከፍቼ ስለ ሁለቱ ሕፃናት ሳነብ ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በእፍረትሽ አይደለም የሳቅኩት። አንቺን አንገት የሚያስደፋ ሰው ይወለዳል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ነው፤ ለካ ሁለት ተወልደዋል።

ስለ መጨረሻው ነገር አንድ ቃል ብቻ ልበልሽ። እዚያው ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ይቆይ።

ጥያቄሽ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! የምሠራው ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በእሱ ቋንቋ ነገሮችን ቅንፍ ውስጥ ከከተትሻቸው ዝርዝር ይባላሉ፤ ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ማስገባትም ይቻላል፣ ሣጥን ውስጥ ከረጢት እንደማለት ነው። ሦስት ሦስት አድርገሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም ሦስት ሦስቱን በቅንፍ አሰርኩና፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን መሣሪያ «አቀያይርልኝ» አልኩት። ስድስት መስመር አውጥቶ ቁጭ! ጥጡን ወደ ላይ፣ ሱፉን ወደ ታች ያደርጋል እንጂ የማንንም ቅንፍ ከፍቶ ወደ ውስጥ አያይም። ስድስት ብርድ ልብስ ደግሞ ለእኛ ሰፈር አንድ መንገድ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ቅንፎቹን ሁሉ አፈረስኩና ዘጠኙን በአንድ ረድፍ አሰለፍኳቸው። አሁን ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሆነ! ሁሉን ባትም ወረቀቱ ቤትሽ አይገባም፤ ከየቦታው ቆንጥሬ ጥቂት ገጽ ልኬልሻለሁ። ከእንግዲህ ቅጂ የሚልሽ ሰው ይኖራል?

በዕረፍቱ እንመጣ እንደሆነ እናቴ ጠይቃኝ ነበር፤ አይሆንልንም። ሥራ በዝቶብኛል። ረጅሙም ሥራ በዝቶበታል። እናቴን አንቺ አባብያት።

ቁጥሬሽ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ቁጥሬ፤

ከሁሉ በፊት ድመቴ ታመሰግንሻለች። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ወረቀትሽ እንደደረሰኝ ከገጾቹ አንዱን መስመር መረጥኩ። ቀይ ከፋይ፣ ከሥሩ ግራጫ ሱፍ፣ ከሥሩ ቢጫ ጥጥ እያለ ይወርዳል። እጄ እምቢ አለኝ። ዳሩ «ልጄ ተምራ የላከችው ነው፤ እኔ የማላውቀው ነገር ይኖረዋል» ብዬ እጄን ገሠጽኩና ከትርፍራፊ ጨርቅ አንድ ትንሽዬ ሰፋሁ። አጠብኩት፣ አሰጣሁት። ማታ ሳነሳው ተጨማዶ፣ እዚህ ተወጥሮ እዚያ ተነፍቶ፣ ያኮረፈ ሽማግሌ መስሏል። እናትሽ ሳቋ አላስቆም ብሏት ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ድመቷ ወረሰችው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው፤ አንቺም ቸኮልሽ፣ እኔም ቸኮልኩ። ሱፍ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ጥጥ ትንሽ ይሰበሰባል። ከፋይ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሦስቱ የየራሳቸው ቤት አላቸው፤ በቤትና በቤት መካከል ስፌቱን ላላ አደርገዋለሁ፣ ሁሉም በየቤቱ እንደ ፍጥርጥሩ ይሰበሰብ ብዬ። ቤቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። በየቤቱ ያሉትም ቁራጮች እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። የጥጥ ልጅ ግን ሱፍ ቤት አያድርም። አንቺ እኮ በአንድ ጊዜ ቤት አፍርሰሽ እንደ ጨው ዘር በተንሻቸው! «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ትይኝ ይሆናል። እዚህ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል ብዬ ነዋ። አንቺ ግን እዚህ ስታድጊ ሥራሽ አዝራር መቁጠር ነበር።

ዙረቴ እየተሳካ ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩን ታስታውሺው የለ? ፀጉሩ ሸብቷል። ብርድ ልብሱን ከመሪው ወንበር ላይ አንስቶ አሳየኝ፤ ወገቡን ይደግፍበታል። ዳኛው ደግሞ «የለኝም» ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ ሚስቱ ከጀርባው «ያለሱ እንቅልፍ አይወስደውም» አለችኝ።

እናትሽ አዲሱን ፎቶሽን አሳየችኝ። ሥራ የበዛበት ሰው ይከሳል። ያንቺ ጉንጭ ግን ሞልቷል። ጥያቄ አይደለም፤ ያየሁትን ነው ያልኩት።

እቴቴሽ


ጥር 5 ቀን

እቴቴ፤

ጉንጬን ያሰፋው ካሜራው ነው።

የድመቷን ጉዳይ ለባልደረባዬ ነገርኩት፤ እሱም «ያላየሽውን ጨርቅ በቅንፍ መግዛት እንዲህ ነው» አለኝና ቀኑን ሙሉ ሲያበሽቀኝ ዋለ። እውነቱን ነው። ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው የሠራው፤ ቤት መኖሩን የረሳሁት እኔ ነኝ።

አሁን ግን ደርሼበታለሁ! ቅንፎቹን መልሼ አቆምኩና አንድ አጭር ፋንክሽን ጻፍኩ። ፋንክሽን ማለት የተሰጠውን ሥራ ሠርቶ ውጤቱን የሚመልስ አገልጋይ በይው። አንድ ነገር ሲሰጠው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ቁራጭ ነው ወይስ ቤት?» ብሎ ነው። ቁራጭ ከሆነ እንዳለ ይመልሰዋል። ቤት ከሆነ በሩን ይከፍትና፣ ውስጥ ላገኘው ለእያንዳንዱ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል። ራሱ ራሱን ይጠራል ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ ቤት፣ ያም ውስጥ ሌላ ቤት ቢኖር አይደክመውም፤ ቁራጩ እስኪገኝ ይገባል፣ ከዚያ እያቀያየረ ይወጣል። በመጨረሻ አንዱን የጥጥ አደራደር ከእያንዳንዱ የሱፍ አደራደር ጋር፣ ያንንም ከእያንዳንዱ የከፋይ ጋር ያጣምራል። ቤቶቹ በስድስት ዓይነት ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱም ቤት ውስጡን በስድስት ዓይነት ይለዋውጣል። ስድስት በስድስት፣ በስድስት፣ በስድስት፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት። አንድም የጥጥ ልጅ ከቤቱ አልወጣም። ገና ሳየው ዓይኔ እንባ ሞላ። ሰሞኑን ደግሞ በትንሽ በትልቁ ነው የማለቅሰው።

አንድ የሚያስደስትሽ ነገር አለ። ማሽኑ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው ግርጌውን ነው። ስለዚህ አንዱን መስመር ለታላቅ ብትሰፊ፣ ከሥሩ ያለው መስመር የግርጌዎቹ ሁለቱ ብቻ የተቀያየሩበት ነው፤ የታናሹ ነው ማለት ነው። ማንም ሳይነግረው ወንድምና እህትን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው! ለታላቅ ጎዶሎ ቁጥር ያለበትን መስመር ምረጪ፣ ለታናሹ ቀጣዩን። ሁሉንም አትሜ ጠርዤ ልኬልሻለሁ።

ቁጥሬሽ


የካቲት 3 ቀን

ቁጥሬ፤

ባለፈው በቁራጭ ወረቀት «ባልደረባዬን ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸዋል፣ ምን ይሻለዋል?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ዝንጅብል ነው። ቀጭን ከትፎ፣ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ መጠጣት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጠዋት ጠዋት የሚያቅለሸልሸው ያ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ያስጠጋው ባልደረባሽ ነው? ወንድ አልነበረም እንዴ? ለማንኛውም ይማረው። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ እሷ ዘንድ የገባ ወሬ ገበያ ሳይደርስ አያድርም።

ጥራዙ ልቤን ቅቤ አጠጣው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ በየቤቱ ያየሁትን እየፈለግሁ በቀይ እርሳስ እሰርዛለሁ። የሾፌሩን አገኘሁት፤ የዳኛውንም። ያንቺንም አገኘሁት፣ ሳምኩት። እስካሁን አንድም መስመር ሁለት ጊዜ አልተሰረዘም። እፎይ ልል ስል የሁለቱን ሕፃናት ፈለግኩና ግራ ገባኝ። የሴቷ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ነው፤ መስመር አንድ። ከመደርደሪያዬ ላይ ጨርቆቹን በተቀመጡበት አንስቼ የሰፋሁት ነው። የወንዱ ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ የመጨረሻው መስመር። እሱን ስሰፋ ከክምሩ ታች ጀምሬ እንዳነሳሁ ትዝ ይለኛል። እንግዲህ በወረቀት ሰማይና ምድር ናቸው፤ በዓይኔ ግን አንድ ሆነው አይቻቸዋለሁ። ሁለቱ እናቶችም አይተዋል። ወይ ጥራዝሽ ይዋሻል፣ ወይ እኔ ጃጅቻለሁ። ከሁለቱ አንዱን በይኝ፤ የመጀመሪያውን ብትይኝ ደስ ይለኛል።

እቴቴሽ


የካቲት 22 ቀን

እቴቴ፤

አልጃጀሽም፤ ጥራዙም አልዋሸም። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ ነው የታየኝ።

የሕፃንነት ብርድ ልብሴን እግሬ ላይ ጣል አድርጌ ነበር። ረጅሙ ሻይ ሊሰጠኝ መጥቶ አነሳውና፣ መልሶ ሲያለብሰኝ ገልብጦ አለበሰኝ፤ የግርጌው ወደ ደረቴ መጣ። ከላይ ወደ ታች ቀለሞቹን ስቆጥር የማላውቀው ብርድ ልብስ ሆነብኝ! የራሴን፣ ስንት ዓመት የለበስኩትን! ከዚያ ገባኝ። መስመር አንድን ከግርጌው ጀምረሽ ወደ ራስጌ አንብቢው፤ ቃል በቃል የመጨረሻው መስመር ነው። ወረቀት አናትና ግርጌ አለው። ብርድ ልብስ የለውም፤ ሕፃን ደግሞ እንዳገኘ ነው የሚለብሰው። አንዳቸው ገልብጠው ይዘውት ስለነበር ነው አንድ የመሰሉት። አንቺ አልደገምሽም። እኔም አንቺም ያልቆጠርነው መገለባበጡን ነው።

ይህን ከቆጠርን ግን ከጥራዙ ግማሹ የሌላው ግማሽ ግልባጭ ነው፤ የሚቀሩት ስድስት መቶ አርባ ስምንት ብቻ ናቸው። ከፈለግሽ ከየጥንዱ አንዱን የሚያስቀር አንድ መስመር ልጨምርና እንደገና ልላክልሽ። ሁለቱ እናቶች እስከዚያ ምን ይላሉ? አሁንም ያኮርፉሻል?

ቁጥሬሽ


መጋቢት 8 ቀን

ቁጥሬ፤

አያኮርፉኝም። ደብዳቤሽን ይዤ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩና ሁለቱን እናቶች ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። አንዱን ገለበጥኩ፦ ተለያየ። መልሼ ገለበጥኩ፦ አንድ ሆነ። ሕፃናቱ አስማት መስሏቸው «ድገሚው! ድገሚው!» እያሉ አስጨነቁኝ። ከዚያ እዚያው ተቀምጬ በሁለቱም ራስጌ ላይ አጭር ጥብጣብ ሰፋሁ። አሁን አናቱ ይታወቃል። «ቅጂ» ያለችኝ እናት መርፌዬ ውስጥ ክር ስታስገባልኝ ነበር፤ ዓይኗ ከእኔ ይሻላል። ስለዚህ ጥራዙን አትንኪብኝ፤ ጥብጣቤ አንዱንም መስመር አያስቀርም። የተሰፉት ሁሉ ጥብጣብ እስኪገባላቸው ድረስ ግን ዙረቱን እንደገና ልጀምረው ነው። ዳኛው ሲያየኝ በጓሮ በር ሳይወጣ አይቀርም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። «እኩለ ቀን ላይ ጋደም ብዬ» ብለሽ ጽፈሻል። አንቺ? ትኩሳት ይዞሽ እንኳ አልጋ ላይ አስሬ ላስተኛሽ ያልቻልኩት? በሥራ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ባል ሻይ እያቀረበ? ጉንጩ፣ እንባው፣ ዝንጅብሉ፣ የማትመጪበት ዕረፍት። የእኔ የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ልቦናዬ አይደለም።

አንድ ቃል አልጠይቅሽም። ደንቤ ደንብ ነው፤ ሳይነገረኝ መቀስ አላነሳም። ያንቺም ደንብ ይገባኛል፤ ካቻምና ቶሎ ተናግረሽ፣ እናትሽም ለሰፈሩ ሁሉ አውጃ፣ በኋላ የመጣውን የሰው ማጽናናት መሸከም እንዳቃተሽ አይቻለሁ። ግን በሁለታችን ደንብ መሀል አንድ ሰው ብርድ ልብስ ሳይኖረው እንዳይመጣ እፈራለሁ። ያ እንዲሆን አልፈልግም፣ ቁጥሬ። ሌላው ሁሉ ይቅር።

እቴቴሽ


መጋቢት 25 ቀን

እቴቴ፤

ወረቀቱን ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደመጣልኝ ልጻፈው።

አርግዣለሁ። አምስት ወር ሞልቶኛል። ሐኪሟ ለጥንቃቄ ብላ ከቀን ግማሹን እንድተኛ አዛኛለች፤ የምሠራውም ከአልጋዬ ላይ ነው። ያ ባልደረባዬም ስሙ እንዲሁ በዝንጅብል ጠፋ፤ ይቅር ይበለኝ። ልጁ ደህና ነው፤ እኔም ደህና ነኝ። አልነግርሽም ያልኩት ስላልወደድኩሽ እንዳይመስልሽ። አንዴ ከነገርኩሽ እውነት ይሆናል፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ሊወሰድብኝ ይችላል ብዬ ነው። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን ፍርሃቴ አልጠፋም እንጂ ቀሎኛል። ረጅሙ ራሱ «ዛሬ ዘፈንሽ እኮ» አለኝ።

አሁንም የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ፤ ላንቺ ብቻ ነው የምለው። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ቅጽ ይዛ «የመጀመሪያሽ ነው?» አለችኝ። አዎ ብል ያኛው ያልነበረ ሊሆን ነው። አይደለም ብል «ሌላው የት ነው?» ልትለኝ ነው። ዝም ስል አዎ ያልኩ መሰላትና ጻፈች። ቤት ስደርስ አለቀስኩ። እናቴም ስትሰማ «የመጀመሪያ የልጅ ልጄ» ማለቷ አይቀርም፤ በደስታ ነው የምትለው፣ እኔም እቆጣታለሁ ብዬ እፈራለሁ። ሰው ሁሉ ከዚህኛው እንዲጀምር አልፈልግም። ይህን ስጽፍልሽ ምን እንድታደርጊ እንደምፈልግ አላውቅም። አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ብቻ ነው።

እንግዲህ ራሴ ነግሬሻለሁ፤ መቀስሽን አንሺ። ከጥራዙ መስመር 702ን ስፊልኝ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ አሁን መጻፍ አልችልም።

ለእናቴ ገና አትንገሪያት።

ቁጥሬሽ


ሚያዝያ 9 ቀን

ልጄ፣ ቁጥሬ፣ የኔ ዓለም፤

እንኳን ነገርሽኝ። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። እናትሽ «ምን ጻፈች?» ብላ ገባች፤ «ሽንኩርት ተወዷል ትላለች» አልኳት። አሁን የምነግርሽን ካነበብሽ በኋላ ደንብ አላት የምትባለውን አክስትሽን እንደፈለግሽ ስደቢያት።

ብርድ ልብሱ ተሰፍቶ አልቋል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጥቅል ያገኘሽው እሱ ነው። መቀስ ያነሳሁት ዛሬ አይደለም፤ እኩለ ቀን ላይ ጋደም ማለትሽን ያነበብኩ ዕለት ነው። «ሳይነገረኝ መቀስ አላነሳም» እያልኩ ስጽፍልሽ የሱፉ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተገጥሞ አልቆ፣ ከፋዩም ተቆርጦ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁሽ። ምን ላድርግ፣ እጄ ከደንቤ ቀደመ።

ይህን ያህል ስደፍር ግን ሳልፈራ እንዳይመስልሽ። መቀሱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። አዲስ አደራደር ብመርጥ፣ ያኛውን ረስቼ ከዚህኛው ልጀምርልሽ ነው። እንደ ታናሽ አድርጌ ብሰፋው ደግሞ ቁስልሽን በመርፌ የነካሁብሽ መሰለኝ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ያንን አወጣሁት። ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። እኔ ለዚያ ልጅ ሰፍቻለሁ፤ በእጄ ያለፈውን ልጅ አልቆጠርኩም ማለት ደግሞ አልችልም። ስለዚህ የልቤን አደረግኩ። ቅር ካለሽ እፈታዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

አሁን ደብዳቤሽ ሲመጣ መስመር 702 ይላል። አንዴ ክው አልኩ፤ የሠራሁት እሷ የምትፈልገው አይደለም ማለት ነው ብዬ። መነጽሬን አደረግኩ፣ ጥራዙን ገለጥኩ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አዲሱን ብርድ ልብስ ከራስጌ ጀምሬ ማመሳከር ያዝኩ። ቡናማ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ። ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ። ቢጫ። እዚህ ስደርስ መነጽሬን ጠራርጌ መልሼ አደረግኩ። ሰማያዊ፣ ነጭ። ከላዩ ያለውን 701ን አየሁ፤ እኔው ራሴ በቀይ እርሳስ የሰረዝኩት የቁም ሣጥኑ ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ ብሎ ያልቃል። ከዚያ በቀር ሁሉ ነገራቸው አንድ ነው።

አልቅሼ ስጨርስ ብቻዬን ሳቅሁ። አንቺ እዚያ በማሽንሽ፣ እኔ እዚህ በመርፌዬ፣ ሳንነጋገር አንድ ቦታ ደረስን። አንድ ሰው እንዲያውቅልሽ ነበር የፈለግሽው። አውቄልሻለሁ፣ ልጄ። ሁለተኛሽ ነው።

ለታላቁም ራስጌው ላይ ጥብጣብ ሰፍቼለት መልሼ አስቀምጬዋለሁ። እዚያው ይቆይ ብለሽኛል፤ እዚያው ነው። እናትሽን ደግሞ ለእኔ ተያት። ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግራታለሁ፣ እንዴት እንደምትቆጥርም አስተምራታለሁ።

እቴቴሽ


ሐምሌ 17 ቀን

እቴቴ፤

እናቴ በስልክ ስትጮኽ የሰማሽው ትክክል ነው፤ ሴት ናት። የእናቴ ድምፅ ቢሮ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ባልደረባዬ ዝንጅብል ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። እናቴ በስልክ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? «ሁለተኛዋ እንኳን ደህና መጣች» አለችኝ። ስልኩን ለረጅሙ ሰጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ምን ብለሽ እንዳስረዳሻት አላውቅም፤ እግርሽን ልሳም።

በእናቴ በኩል ብርድ ልብሷን እንዴት ትለብሰዋለች ብለሽ ላልሽው፣ እየገለበጠች ነው። ጥብጣቡን ሁልጊዜ የማገኘው እግሯ ሥር ነው። ረጅሙ ያስተካክላል፣ እሷ ታበላሻለች።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሌላ ነርስ በሩ ላይ ወረቀት ይዛ ቆማ «ስንተኛሽ ናት?» አለችኝ። ሁለተኛዬ አልኳት። ጽፋ ፈገግ አለችና አሳለፈችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ያን ሁሉ ወር የፈራሁት ጥያቄ ይኸው ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ ያልሽውን ሰምተን አልጋ አዘጋጅተንልሻል፤ ድመቷን ለእናቴ አደራ ስጪያት። ሌላ ምንም አትሸከሚ፣ ሁሉም ነገር አለን። ስትመጪ ታላቁን ብቻ ከቁም ሣጥኑ ይዘሽልኝ ነይ።

ቁጥሬሽ